ስም የማስመዝገብ ነገር

ይህ መጽሔት የኪነ ጥበብ መድረክ ሆኖ ሳለ የአረጋውያን የሕክምና ወጪ ጉዳይ በገጾቹ ላይ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። መልሴ አጭር ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ተውኔት ጽፌአለሁ፤ ተውኔቱም ተወዶ ነበር፤ ሕዝብ ስቆበታል። ያ ሳቅ ከዓመታት በኋላ ዞሮ ዞሮ ወደ እኔው ተመልሷል። ቀድሞ በየስብሰባው «ሂስና ግለ ሂስ» የሚባል ሥርዓት ነበር። እኔ ያን ጊዜ ሕፃን ስለ ነበርሁ ሂሱ አልደረሰኝም፤ ግለ ሂሱ ግን እነሆ ጊዜውን ጠብቆ ደረሰኝ።

ደሴን የሚያውቅ ሰው ብርዷን ያውቃል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም የቤቱን ጣሪያ ሁሉ አልብሶ በሚያረፍድበት ወራት ለሽማግሌና ለአሮጊት ጉልበት ምሕረት የለውም። ስለዚህ ዘመድ ያለው የደሴ አረጋዊ ውርጩ ሲበረታ ሐረጎን ተሻግሮ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርድና ኮምቦልቻ ላይ አጥንቱን ያሞቃል። አክስቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ ክርስቲያን፣ እርሷ ሙስሊም፤ ይህ ለወሎ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም፤ ለሌላው ደግሞ ማብራሪያው ከዚህ ጽሑፍ ይረዝማል። ባሏን በጊዜ ቀበረች፤ ልጅ አልወለደችም። በሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም እየቸረቸረች ኖረች። እኔ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት በተማርሁባቸው ዓመታት ያደርሁት በእርሷ ቤት፣ የበላሁትም ከእርሷ በርበሬ ትርፍ ነው። ይህን የምናገረው ለወግ አይደለም፤ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። «ነጻ ወረቀት» የሚለውን ቃል ያልሰማ ያገሬ ሰው ያለ አይመስለኝም። ለብዙ ዘመን ድኻ ሲታመም ከሆስፒታል በፊት ቀበሌ ይሄድ ነበር፤ ሕመሙን ለሐኪም ከማስረዳቱ በፊት ድኽነቱን ለጸሐፊ ያስረዳ ነበር። ጸሐፊው ከሌለ ነገ፤ ማኅተሙ ተቆልፎበት እንደ ሆነ ከነገ ወዲያ። ወረቀቱ የሚጠየቀው ሰውየው ከታመመ በኋላ ነውና ሞት ማኅተሙን የሚቀድምበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። በዚያ ላይ በወረቀት የታከመውን ሰው ወጪ ማን ይተካ የሚለው ጥያቄ በቅጡ መልስ ስላልነበረው ባለ ወረቀቱ በሄደበት ሁሉ እንደ ዕዳ እንጂ እንደ በሽተኛ አይታይም ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ይህን የሚለውጥ ነገር ተጀመረ። በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በሙከራ ተቋቋመ። ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና የእኛው ተሁለደሬ ነበሩ። ተሁለደሬ ከደሴ በስተሰሜን ያለ፣ መዲናው ሐይቅ የሆነ ወረዳ ነው። አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። ደመወዝ የሌለው ገበሬና ነጋዴ፣ ባለ እጅና የቀን ሠራተኛ በዓመት አንድ ጊዜ አነስተኛ መዋጮ ያዋጣል፤ የተዋጣው አንድ ላይ ይጠራቀማል፤ የታመመው ከዚያ ይታከማል። የፌዴራሉ መንግሥት በጠቅላላው መዋጮ ላይ ድጎማ ይጨምራል። መክፈል ለማይችሉት ደግሞ ክልሉና ወረዳው ሙሉ መዋጮአቸውን ይከፍሉላቸዋል። በመሠረቱ ከድሮው ነጻ ወረቀት የሚለየው በዚህ ነው፤ ደብተሩ ከሕመሙ ይቀድማል፤ ድኻውም ከከፋዩ ጋር አንድ ዓይነት ደብተር ይዞ ይሰለፋል። በወረፋው ላይ ማን ከፋይ፣ ማን ተከፋይ እንደ ሆነ ግንባሩ ላይ አልተጻፈም። ይህን ሐሳብ ያፈለቀውን ሰው ባገኘው እጁን በጨበጥሁት። ከዚህ በታች የምለው ቅሬታ ሁሉ ይህን አመስጋኝነቴን አይሽረውም።

ያን ጊዜ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነበርሁ፤ በዩኒቨርሲቲ የቲያትር ትምህርቴን ጨርሼ ወደ አገሬ ተመልሻለሁ። ሕዝቡን ለመቀስቀስ አጭር ተውኔት ጻፍ ተባልሁ፤ ጻፍሁ። የተውኔቱ ጥሩ ሐሳብ ከቅሬ የመጣ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ወሎዬ ሁሉ ገና በቁሙ ለቀብሩ ያዋጣል፤ ታዲያ ለሬሳው የሚያዋጣ ሰው ለሕይወቱ ማዋጣት ለምን ይከብደዋል? ይህን ያልሁት በአንዲት ወጣት ገጸ ባሕርይ አፍ ነው፤ ሰሚው ራሱን ነቀነቀ። መጥፎው ሐሳብ ደግሞ አያ እምቢበል ነበር። አያ እምቢበል በትሩን አቅፎ መድረክ ላይ የሚንጎራደድ ሽማግሌ ነው። ጸሐፊው መዝገቡን በገለጠ ቁጥር «ስሜን አትጻፉ!» ብሎ እየጮኸ ጎታ ኋላ ይደበቃል። አንድ ጊዜም ራሱን ጎታው ውስጥ ከትቶ መውጣት ያቅተዋል። በገበያ ቀን በሐይቅ ስናሳየው ሕፃን አዋቂው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቅ ለተውኔት ጸሐፊ መጥፎ አማካሪ ነው። ሰው የሳቀበትን ቦታ እውነት የተናገርሁበት ቦታ አድርጌ ወሰድሁት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥርዓቱ ከገጠሩ ወደ ከተማው ሲገባ ያው ተውኔት ትንሽ ተነካክቶ በደሴ ቀረበ። አክስቴ የልጇን ሥራ ለማየት ነጠላዋን አጣጥፋ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። አዳራሹ በሳቅ ሲናወጥ ዓይኔን ጣል አደረግሁባት። አልሳቀችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አጋጥማ መድረኩን ሳይሆን መዝገቡን ትመለከት ነበር።

በማግሥቱ ቡና አፈላችልኝ። «ትናንት ሰውየው ሲደበቅ ለምን አልሳቅሽም፣ እትዬ?» አልኋት።

«ስሜን አትጻፉ የሚለውን ሰው አውቀዋለሁ» አለች።

«ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

ከዚያ በኋላ ያወራችኝን እናቴ እንኳ ሙሉ በሙሉ ነግራኝ አታውቅም። በ1977ቱ ረኃብ እርሷና ታናሽ ወንድሟ ከቀያቸው ተነሥተው ባቲ መጠለያ ገቡ። በመጠለያው ስም ይመዘገባል፤ ስሙ የተመዘገበ እህል ያገኛል። ወንድሟ የሁለቱንም ስም አስመዘገበ፤ እህሉንም አገኙ። አንድ ቀን ደግሞ ሌላ መዝገብ ይዘው መጡ። ለምን እንደ ሆነ በቅጡ ሳይረዱት ወንድሟ ተሰልፎ ስሙን ሰጠ። እርሷ ትኩሳት ይዟት ተኝታ ነበርና አልተሰለፈችም። በሦስተኛው ቀን ስም ተጠራ፤ የተጠራው መኪና ላይ ወጣ። መንግሥት በዚያን ዘመን 600 ሺህ ገደማ ሕዝብ፣ ይልቁንም ከወሎ፣ ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ አገር እንዳሰፈረ ታሪክ መዝግቦታል። ወድዶ የሄደ ነበረ፤ ሳይወድ የተጫነም ነበረ። አጎቴ ከሁለቱ የትኛው እንደ ነበር አክስቴም አታውቅም። ከኢሉባቦር ሁለት ደብዳቤ ላከ፤ ሦስተኛ አልመጣም።

«እህል የሚሰጠውም መዝገብ፣ ሰው የሚወስደውም መዝገብ መልኩ አንድ ነው፣ ልጄ» አለችኝ። ስኒዬን ሞላችልኝና «አብሽር፤ አንተን አይደለም የምወቅስ፤ ያን ጊዜ ገና ጡት አልጣልህም» ብላ ወጉን ዘጋችው።

እንግዲህ አያ እምቢበል ሞኝ አልነበረም ማለት ነው። ያልነቃም አልነበረም። ከእኔ ይበልጥ የሚያስታውስ ሰው ነበር። እኛ የቅስቀሳ ከያንያን በየዘመኑ የሠራነው አንዱ ጥፋት ይህ ይመስለኛል፤ ሽማግሌው እምቢ ሲል «ኋላ ቀርነት» የሚል ስም ሰጥተን እናልፋለን እንጂ እምቢታው ከየት እንደ ተማረው አንጠይቅም።

በዚህ ላይ የቃላት ነገር አለ፤ ቃል ደግሞ ሙያዬ ነውና ትንሽ ልቆይበት። በአዋጅና በመመሪያ ቋንቋ ከመዋጮ ነጻ የሚሆነው ሰው «መክፈል የማይችል» ይባላል። በቀበሌ ንግግር «አቅመ ደካማ» ነው። በሰፈር አፍ ግን ሁለቱም ተመልሰው «ድኻ» ይሆናሉ። የአክስቴ ትውልድ ደግሞ ድኻ የሚለውን ቃል ለሌላ ሰው እንጂ ለራሱ አይናገረውም። ምሳ ያልበላ ሰው «በልቼ ነው የመጣሁ» ብሎ ይምላል። በኛ አገር ገመና የሚባል ነገር አለ፤ ከጎረቤት የሚሸሸግ የቤት ጓዳ ማለት ነው። ነጻ መታከም የሚሻ አረጋዊ ግን ያን ጓዳ በስብሰባ ፊት እንዲከፍት ይጠየቃል። በ2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ደሴ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች፤ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንም በየወሩ የሚሰጥ ቀጥታ ድጋፍ ነበረው። አክስቴ በመዝገቡ በር አላለፈችም። ያን ጊዜ በሰኞ ገበያ መቀመጥ ከተወች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ደም ግፊቷ ተነሥቶ ስትወድቅ ግን እኔ ተነሣሁ። ለምኜ፣ አባብዬ፣ ተቆጥቼም ስሟን እንድታስመዘግብ አደረግሁ። «አንተ ካልህ» አለች። ይህን ቃል ስትለኝ ሁለተኛዋ ነበር፤ መጀመሪያ ያለችው ቲያትር ልማር ስላት ነው።

የምርጫው አሠራር እንዲህ ነው። በቀበሌ ደረጃ ያለ ኮሚቴ መክፈል አይችሉም የሚላቸውን ቤተሰቦች ይዘረዝራል፤ ዝርዝሩ በነዋሪው ስብሰባ ላይ ይነበባል፤ ሕዝቡ ይህ ይገባዋል፣ ያ አይገባውም ይላል። ነጻ የሚገባው ቁጥር የተወሰነ ነው፤ በሙከራው ዘመን ከአሥር ቤተሰብ አንዱ ተብሎ ታስቦ ነበር። በስብሰባው ቀን አክስቴ ቤት ቀረች፤ እኔ ከኋላ ወንበር ተቀመጥሁ። ስሟ ተነበበ። አንድ ጎልማሳ እጁን አወጣና በትሕትና እንዲህ አለ፤ «እትዬ የተከበሩ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ጧሪ አላቸው። የእህታቸው ልጅ የታወቀ ደራሲ ነው፤ በቴሌቪዥንም አይተነዋል። እነሆ እዚሁ ተቀምጧል።» ክፉ ሰው አልነበረም። እናቱ በዝርዝሩ ውስጥ ከመስመሩ በታች ነበረች፤ አንድ ስም ከወጣ እርሷ ትገባለች።

ሰብሳቢው ዞረው አዩኝ። «ወንድማችን፣ ትጦራቸዋለህ ወይ?»

እውነቱ ምን ነበር? በየሁለት ወሩ፣ አንዳንዴም በየሦስት ወሩ፣ ከግጥም ምሽትና ከማስተማር ከማገኘው ቆንጥሬ እልክላት ነበር፤ ለዓመት በዓል አንድ ነገር እገዛላት ነበር። ይህ መጦር አይባልም። ያ ሁሉ ዓይን በእኔ ላይ ነበር፤ ከመካከሉም ተውኔቴን አይተው የሳቁ ነበሩበት። ያሳደገችኝን አሮጊት አልጦራትም ብሎ በስብሰባ መካከል መናገር ለአንድ ወሎዬ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረደኝ።

«አዎን» አልሁ።

ስሟ ተሰረዘ። የጎልማሳው እናት ገባች። አያ እምቢበልን በይሉኝታው ያሳቅሁበት እኔ፣ በራሴ ይሉኝታ የአክስቴን ቦታ ሸጥሁ። ለእርሷ «ኮታ ሞልቶ ነው፤ እኔ እከፍልልሻለሁ» ብዬ ነገርኋት፤ እውነትም መዋጮዋን ከፍዬ ደብተሩን አመጣሁላት። ስለዚህ ምንም የጎደለ አይመስልም ነበር።

ይህን ታሪክ ኮምቦልቻ ለሚኖር መምህር ወዳጄ አጫወትሁት። እርሱ ሥርዓቱን ይደግፋል። «ስብሰባው ቢቀር ዝርዝሩን ማን ይሠራዋል?» አለኝ። «በቢሮ ተዘግቶ ከተሠራ የባለሥልጣን አማት ሁሉ መክፈል የማትችል ትሆናለች። የሕዝብ ዓይን ያሳፍራል፤ ግን ሌባንም የሚያሳፍረው እርሱው ነው።» ልክ ነው፤ ይህን ለማስተባበል አቅም የለኝም። የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው። እርጅና ራሱ ለምን ማስረጃ አይሆንም? ጋና እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ በመሠረተችው ብሔራዊ የጤና መድን፣ ዕድሜው 70 የሞላ ሰው መዋጮ አይጠየቅም። ድኻ ነህ ወይ የሚለው የለም፤ አርጅተሃል፣ በቃ። ወዳጄ ሳቀብኝ። «የልደት ምስክር ወረቀት ያለው አሮጊት አምጣልኝ!» አለ። አክስቴ የተወለደችው «ጣሊያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት» ነው። ቢሆንም ዕድሜን በግምት መስማማት ድኽነትን በድምፅ ብልጫ ከመስማማት ይቀላል ባይ ነኝ። ደግሞስ እኮ የአልማ አታው ጉባኤ «ጤና ለሁሉም» የሚለውን ታላቅ መግለጫ ያጸደቀው በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። በኛ አገር ያ ቀን የአብዮት በዓል ነበርና ብዙ ሰልፍ ወጥቶበታል፤ «ለሁሉም» የሚለው ቃል ውስጥ የሚያፍሩ ሰዎችም መኖራቸውን ግን ያን ጊዜም ሆነ ከዚያ ወዲህ ያሰበ ጥቂት ነው።

ወዳጄ በዚያው ጉዞ ከአንድ ጎረቤቱ ጋር አገናኘኝ። ሰውየው በ1970ዎቹ በተተከለው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለረጅም ዓመታት በሸማኔ መኪና ላይ የሠሩ ጡረተኛ ናቸው። ጆሮአቸው ከመኪናው ጩኸት የተነሣ ደንቁሯል፤ ስለዚህ ሲናገሩ ይጮኻሉ። የማኅበረሰቡ መድን ደመወዝ ለሌለው ነው። ለደመወዝተኛውና ለጡረተኛው ሌላ፣ ማኅበራዊ የጤና መድን የሚባል በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ታውጆላቸው ነበር፤ ነገር ግን ተግባራዊነቱ ከዓመት ዓመት ሲገፋ ኖረ። «የድኾቹን መዝገብ ስጠይቅ ጡረታ አለህ አሉኝ፤ የጡረተኞቹን ስጠይቅ ገና አልተከፈተም አሉኝ» ብለው ጮኹብኝ። «ለድኽነት ገንዘቤ በዝቶ፣ ለመታከም ገንዘቤ አንሶ፣ በሁለት መዝገብ መካከል ቆሜ ቀረሁ!» የጮኹት በቁጣ ይሁን በጆሮአቸው ምክንያት መለየት አልቻልሁም። ይህን ንግግር ለአያ እምቢበል ብሰጠው ኖሮ ተውኔቱ ሌላ ተውኔት ይሆን ነበር።

ወደ አክስቴ ልመለስ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ደረሰባቸው፤ የሕወሓት ኃይሎች ኅዳር ማብቂያ ድረስ ከተሞቹን ይዘው ቆዩ። በዚያ ወር ከስድስት ቀን አዲስ አበባ ተቀምጬ የማይጠራ ስልክ ስደውል ኖርሁ። መንገድ ሲከፈት መጣሁ። አክስቴ በሕይወት አለች። የጤና ተቋማት ተዘርፈው ነበር፤ የደም ግፊት ክኒን በከተማው ጠፍቶ ጎረቤት ለጎረቤት ሲካፈል ሰነበተ። ተቃቅፈን አለቀስን፤ እኔም ጥቂት ቀን ሰንብቼ ተመለስሁ። በዚያ ደስታና በዚያ ትርምስ መካከል አንድ ነገር ረሳሁ። የደብተሩ እድሳት ጊዜ አለፈ።

መክፈል በማይችሉት መዝገብ ውስጥ ብትሆን ኖሮ መዋጮዋ በእኔ ማስታወስ ላይ አይንጠለጠልም ነበር። ከፋይ ሆነች፤ የከፋይዋ ከፋይ ደግሞ እኔ ነኝ። በክረምቱ ዓይኗ ሲጋረድባት ደብተሯን በመሐረብ ጠቅልላ ሄደች። አልታደሰም አሏት። ደንቡ ነው፤ የነገራትም ሰው የሚያውቀውን ተናገረ። ወደ ቤቷ ተመለሰች። እኔ በደወልሁ ቁጥር «አፊያ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ትለኝ ነበር። ገመና ከልጅም ይሸሸጋል።

የደወለችልኝ የቅሬአቸው አባል የሆነች ጎረቤት ናት። «እትዬ ቡና ሲቀዱ ስኒውን እየሳቱ ነው» አለችኝ። እኔ መኪና ስፈልግ ሴቶቹ ቀድመውኝ ነበር። የቅሬው ገንዘብ ለሞት እንጂ ለሕመም አይወጣም፤ ደንቡ እንዲህ ይላል። የቅሬው ዳኛ ግን «ሲሞቱ የምናወጣውን ሳይሞቱ ብናወጣው መዝገቡ አይቆጣም» አሉ አሉ። ገንዘቡን ይዘው፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት፣ በዓይን ሕክምናው ወደ ታወቀው ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወሰዷት። ስደርስ ከአግዳሚ ወንበር ላይ በመካከላቸው ተቀምጣ አገኘኋት። ግላኮማ የሚሉት ነው። የግራ ዓይኗ ብርሃን ሄዷል፤ የሄደው አይመለስም። የቀኙ ግን በየቀኑ ጠብታ ከተደረገበት ሊቆይ ይችላል። በጊዜ መጥተው ቢሆን ብሎ ሐኪሙ ጀመረና ፊቴን አይቶ አልጨረሰውም።

በሚቀጥለው ምዝገባ ስሟ እንደ ገና በስብሰባ ተነበበ። አሁንም ከኋላ ወንበር ነበርሁ። ያ ጎልማሳ ግን አልተናገረም፤ እናቱ በጦርነቱ ዓመት አርፋ ቦታዋ ክፍት ነበር። ሰብሳቢው ተለውጠዋል፤ ማንም አልጠየቀኝም። ሳልጠየቅ ተነሣሁና ገንዘብ እንደምልክላት፣ የምልከው ግን እንደማይበቃት፣ በ2010 ዓ.ም. አዎን ያልሁትም አፍሬ እንደ ነበር ተናገርሁ። ረጅም ንግግር አልነበረም። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው አዩኝና «ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉኝ። ስሟ አለፈ።

ደብተሩ ሁሉን አይሸፍንም። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ከመድኑ ውጭ ናቸው፤ ይህን የወሰነው ሰው ወጣት ሳይሆን አይቀርም። ጠብታውም ከመንግሥት መድኃኒት ቤት የሚጠፋበት ጊዜ አለና ያን ጊዜ ከግል ይገዛል። መነጽሩን እኔ ገዛሁላት። ጠብታውን ማታ ማታ የምታደርግላት ያቺ የቅሬ ጎረቤቷ ናት፤ እኔ ደሴ ስሆን ግን እኔ ነኝ። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ነጠላዋን በእጇ ጨብጣ፣ ጠብታው እስኪወርድ ትጠብቃለች።

ባለፈው እንዲህ እንዳለን «ያን ተውኔት አሁንም ታሳያላችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ልናሳየው ነው፤ እያስተካከልሁት ነኝ» አልኋት።

«ሽማግሌው አሁንም ጎታ ውስጥ ይገባል?»

«አይገባም። ጎታውን አውጥቼዋለሁ።»

ዓይኗን ሁለት ጊዜ አርገበገበችና በመሐረቧ ጠረገችው። «ታዲያ መዝገቡን ሲገልጡበት ምን ይላል?»

«ገና አልጻፍሁትም» አልኋት።